በር አንኳኪ

ዲላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለጋሼ ወንድይፍራው፣ ባለህበት፤

በሰው አገር ያለኸውን ወንድሜን እግዚአብሔር ከብርዱም ከብቸኝነቱም ይጠብቅልኝ እያልኩ የናፍቆት ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ ስሙ ይመስገን። ደህና ነኝ ያልኩህ አልታመምኩም ለማለት ነው እንጂ ንዴትስ እንደ ጉድ ይዞኛል።

ያናደደኝ ዲሬክተራችን አቶ ከፈለኝ ነው። አዲስ አበባ የመምህርነት ትምህርት ላይ ሳለሁ ቴያትር ቤት ወስደኸኝ፣ «እኔም አንድ ቀን ይህን ለልጆች አስተምራለሁ» ብልህ ስቀህብኝ ነበር። ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ሲሰጡኝ ያልኩትን ልፈጽም ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወይዘሪት ጥሩብርሃን፣ ልጁ ገና ማባዛት ሳይለይ ማስመሰል ልታስተምሪው?» ለምኜ ለምኜ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የግቢ ጽዳቱን ሰዓት ሰጠኝ። እንግዲህ መጥረጊያችንን ስናስቀምጥ ቴያትረኞች እንሆናለን።

ልጆቹ ቴያትር የሚባል ነገር በዓይናቸውም በጆሯቸውም አያውቁም። የመጀመሪያው ቀን አንዱን «አንተ ጅብ ነህ» ብለው፣ «አይደለሁም! አባቴን ያውቁት የለም እንዴ!» ብሎ አለቀሰብኝ። አንዷን ሞተሽ ተኚ ብላት፣ «እናቴ ከሰማች እውነትም ትገድለኛለች» አለችኝ። አንድ አባት ደግሞ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ፣ «ልጄን ውሸት የምታስተምሪው አንቺ ነሽ?» አለኝ። «ውሸት ሲያይ እንዲያውቅ ነው የማስተምረው» አልኩት። አላመነኝም።

አሁን ግን ገብቷቸዋል። ቡናው ስለቀላ ግማሹ ልጅ ለቀማ ላይ ነው፤ የቀሩት ዴስክ ገልብጠው መኪና ያደርጉታል፤ ረዳቱ «ዱመርሶ ወራጅ አለ?» እያለ ይንጠለጠላል። ፀዳለ የምትባል ልጅ አለችኝ፣ ድምፅዋ ከግቢው አልፎ ገበያ ይሰማል። ጴጥሮስ የሚባል የጌዴኦ ልጅም አለ። አስር ዓመቱ ነው፤ ገና ጡት ሳይጥል አባቱ ሞቶበት ከእናቱ ጋር ይኖራል። አማርኛው ይሰባበራል፤ ሲጫወት ግን ሌላ ሰው ነው። አንዳንዴም ያሳስበኛል። ጅብ ሁን ብለው እስከ ቤቱ ድረስ እያነከሰ ሄደ፤ በማግስቱ መጥቶ «መምህርት፣ አሁን ልተወው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ታዲያ የማስቸግርህ፣ ለልጆች የሚሆን አጭር ቴያትር ጽፈህ እንድትልክልኝ ነው። የተማርከው ለዚህ አይደል?

የቤቱን ወሬ ትፈልግ እንደሆነ አባትህ አባባ ሽብሩ ደህና ናቸው። እናትሽና እኔ የወንድማማች ልጆች ነን ብለው የጓሮውን ክፍል ከሰጡኝ ይኸው ሁለት ዓመት ሞላኝ፤ አንድ ቀን ፊታቸው አልጠቆረብኝም። ያንተ ደብዳቤ ሲመጣ ግን ቴምብሩን አይተው ፊታቸውን አዙረው ወደ ሱቃቸው ይገባሉ። በመካከላችሁ ምን እንዳለ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እህትህ ጥሩብርሃን


ቪየና፣ ኅዳር 20 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለጥሩብርሃን፤

ደብዳቤሽ በረዶውን ጥሶ ደረሰኝ። ጤናሽ እንደ ምኞቴ ይሁን፤ የተማሪዎችሽን ዕድሜ ያርዝምልኝ። እኔ በአምላክ ቸርነት አለሁ። የምኖረው አንዲት መበለት ባከራየችኝ ክፍል ነው፤ ከምሽቱ ከአራት ሰዓት በኋላ ከመጣሁ በር አትከፍትልኝም። ይህም ሕይወት ነው።

ያንቺ ሥራ እንዴት እንዳስደሰተኝ ልነግርሽ አልችልም። እዚህ የመመረቂያ ጽሑፌን የምጽፈው ቴያትርን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለማስተዋወቅ ነው። ፕሮፌሰሬ ያንቺን ደብዳቤ ስተረጉምለት ከወንበሩ ተነሣ። እንግዲህ አንቺና ልጆችሽ የጽሑፌ ዋና ምዕራፍ ትሆናላችሁ ማለት ነው።

ቴያትሩን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። የጻፍኩት ራሴ ነኝ፣ በሁለት ሌሊት። አንድ ልጅ ጨዋታ ወድዶ ከቤቱ ይወጣል፤ አባቱ በር ላይ ቆሞ ይረግመዋል፤ ልጁ አገር ላገር በር ሲያንኳኳ ኖሮ በመጨረሻው ደጃፍ ላይ ይወድቃል። አጭር ነው፣ ለልጆች አይከብድም። አደራ የምልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሌላውን ንግግር ብታሳጥሪም፣ የአባትዬውን ቃል አንዲት ፊደል እንዳትነኪ።

ፎቶግራፍ አንሺ ካለ ተመልካቹን አንሥቶ ይላክልኝ። የቤቱን ሰው ሰላም በዪልኝ።

ወንድምሽ ወንድይፍራው


ዲላ፣ ጥር 3 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለጋሼ ወንድይፍራው፤

የልደቱ በረከት ይድረስህ፤ ጤናና ሰላም ከአንተ ጋር ይሁኑ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ቴያትሩ በገና ዋዜማ ደረሰኝ፤ ስለ ድካምህ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ጋሼ፣ ቅር አትበልብኝና፣ ይህ ነው ለልጆች ያልከው? አባትዬው በር ላይ ቆሞ፣ «ሂድ! በሄድክበት አገር ሁሉ በር አንኳኪ ሁን እንጂ ባለ በር አትሁን። በስምህ የሚጠራህ አታግኝ» ይላል። ሳነበው እኔው ራሴ ጠጉሬ ቆመ። የት አገኘኸው ይህን አባት? በሁለት ሌሊት የተፈጠረ ሰው አይመስልም።

ከዚህ ከወጣህ ዘመን ሆኖህ ረስተኸው እንደሆነ ልንገርህ። እዚህ አባት ልጁ ላይ የሚጥለው ቃል ጨዋታ አይደለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ባለቤቱ እስኪያነሣው ድረስ ልጁ ላይ ይቀመጣል። የተማሪዎቼ አያቶች ወንጌልም ተቀብለው ቢሆን ይህን አልተዉትም። አንተ ደግሞ ልጁን አስረግመህ፣ ሳታስመርቀው ደጃፍ ላይ ጥለኸዋል!

ስለዚህ የምለምንህ፣ አንዲት ትንሽ ትዕይንት ጨምርበት። ልጁ ዞሮ ዞሮ የራሱን ቤት በር ያንኳኳ፤ አባትየው ይክፈትለትና ቃሉን ያንሣለት። ገጽ አይሞላም። ከበዛብህ ደግሞ እኔ ልጨምረው፣ ፈቃድህን ብቻ ስጠኝ።

አቶ ከፈለኝ ዓርባችንን ሊቀማን ያሰፈስፋል። ፈጥነህ መልስልኝ።

እህትህ ጥሩብርሃን


ቪየና፣ የካቲት 1 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጥሩብርሃን፤

ሰላምና ጤና ላንቺ ይሁን።

አልጨምርም፤ አንቺም እንዳትጨምሪ። እዚህ አገር የሰባት ዓመት ልጆች ጠንቋይ ምድጃ ውስጥ ሲከቱ ይጫወታሉ፤ ሲያበቁ እጃቸውን ታጥበው ራታቸውን ይበላሉ። እናንተ ዘንድ አንዲት ቃል ሰማይ ታስደፋለች። ታዲያ ቴያትር ያስፈለገው ይህንኑ ፍርሃት ለመስበር አይደለም? አስተማሪ ብልሽ አንቺው ከሕዝቡ ጋር አብረሽ ትንቀጠቀጫለሽ!

ደግሞስ እንዲህ ያለ አባት ቃሉን አያነሣም። አላነሣምም። የሆነውን ትቼ ያልሆነውን እንድጽፍ ነው የምትፈልጊው? ለሽማግሌዎች ደስ እንዲል ብዬ አልዋሽም።

የወላጆች ቀን ላይ አሳዪው። ትምህርት ሚኒስቴር ያለ ወዳጄ ለዲሬክተርሽ እንዲጽፍለት አደርጋለሁ፤ ሰዓትሽን ማንም አይነካብሽም። ቃሉን ከለወጥሽ ግን ወረቀቴን መልሽልኝ፣ የኔም የሚኒስቴሩም ነገር እዚያው ላይ ያበቃል።

የቤቱ ጌታ ይመጣሉ? ከመጡ ከፊት ወንበር አስቀምጫቸው፤ ጆሯቸው ከብዶ ይሆናል።

ወንድይፍራው


ዲላ፣ መጋቢት 15 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለጋሼ ወንድይፍራው፤

እንደምን ከርመሃል? የጾሙን ወራት በሰላም ያስፈጽምህ።

እንደ ፈቀድክ ሆኗል፤ ደስ ይበልህ። ወዳጅህ የጻፈው ደብዳቤ ደርሶ አቶ ከፈለኝ አሁን «የኛ ቴያትር» ማለት ጀምሯል። ጉድ እኮ ነው! ትናንት ማስመሰል ያለው ሰውዬ ዛሬ መጋረጃውን ራሴ ካልሰቀልኩ ይላል። እኔ ግን ደስ አላለኝም። በምወደው ነገር አስገድደኸኛል፤ ይህን እወቅልኝ።

ልጆቹስ ሲያዩአቸው ያስቀናሉ። መጋረጃው የቡና ጆንያ ነው፤ ዛፉ የእንሰት ኮባ። አባትየውን የምትሠራው ፀዳለ ናት፤ ከወንዶቹ አንድም ድምፅ ያለው ጠፋ። የበግ ጠጉር ጢም ሠርተንላት በየደቂቃው አፏ ውስጥ እየገባ ትተፋዋለች። ልጁን የሚሠራው ጴጥሮስ ነው። የሱ በር ማንኳኳት፣ ጋሼ፣ በእንጨት ላይ ሁለት ጊዜ ቀስ አድርጎ መትቶ ሲጠብቅ፣ እኔ አስተማሪዋ ተነሥቼ ልከፍትለት ይዳዳኛል።

ዘበኛችን ወልዱ አንድ ዓርብ በመስኮት ሲያዳምጥ ቆይቶ አማተበና፣ «እትዬ፣ ይህን ቃል ከየት አመጡት?» አለኝ። ከውጭ አገር መጣ አልኩት። «ከውጭ አገር?» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። እርግማን ፈርቶ ነው ብዬ ተውኩት።

አባባ ሽብሩ ይመጣሉ። የሽማግሌ ልብስ ቸግሮኛል ብላቸው ጥቁር ካፖርታቸውንና የሚመረኮዙትን ከዘራ ሰጡኝ። «እኔም ቴያትር ልገባ ነዋ!» ብለው ሲስቁ የላይ ጥርሳቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። በል ደህና ሁን።

ጥሩብርሃን


ዲላ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1960 ዓ.ም.

ወንድይፍራው፤

ሰላምታ የለኝም። ንዴት ነው የሚያጽፈኝ፤ ሌላ እንዳይመስልህ።

ቴያትርህ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ታየ። ከተማው ጢም ብሎ መጣ። ከአሪቻና ከቡሌ መንገድ ሳይቀር በእግራቸው የመጡ ወላጆች ነበሩ። አባትህን እንዳዘዝከኝ ከፊት ወንበር አስቀመጥኳቸው። ፀዳለ በእርሳቸው ካፖርት እየተጎተተች ስትወጣ ከሁሉም ሰው ይልቅ የሳቁት እርሳቸው ነበሩ።

ከዚያ በር ላይ ቆመች። ያን ድምፅዋን ታውቀው የለ፣ አንድ ቃል ሳትስት አለችው። የማይገባው ሕፃኑ ብቻ ነው፤ ዕድሜ ያለው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አባትህ ለመነሣት ከዘራቸውን በእጃቸው ፈለጉ። ከዘራው የት እንዳለ ታውቃለህ? ፀዳለ እጅ ላይ! ግድግዳ ተደግፈው ወጡ። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ጢሟን እንዳንጠለጠለች እያለቀሰች፣ «አባባ ከዘራዎት! አባባ ከዘራዎት!» እያለች ተከተለቻቸው። ዞረው አላዩአትም።

ይህ ሳያንስ የጴጥሮስ እናት ዘልላ ወጥታ ልጇን ከመድረኩ ነጥቃ ሄደች። አንተ የጻፍከው ደጃፍ ላይ መውደቅ አልታየም፤ ቅር ይበልህ።

ማታ ወልዱ ሁሉንም ነገረኝ። ይህን ቃል አንተ አልፈጠርከውም። የዛሬ አስር ዓመት በቡና ጭነት መኪና ላይ ወጥተህ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ አባትህ በዚያው በር ላይ ቆመው፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ ያሉህ ቃል ነው፤ ፊደል በፊደል። ከተማው ሁሉ ያውቀው ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ነገሩን የማያውቅ ሰው ፈልገህ አገኘህ! ፎቶግራፍ ይነሣ ያልከው፣ ከፊት ይቀመጡ ያልከው ለዚህ ነው? ምርምርህ ይህ ነው? እንጀራቸውን እየበላሁ፣ በገዛ ካፖርታቸው፣ በሕፃን አፍ አሰደብኳቸው። አንተ ሰው አይደለህም።

እርሳቸውስ አዋቂ ናቸው፣ ቃሉም የራሳቸው ነው፣ ይቻሉት። ጴጥሮስ ምን አደረገህ? አባቱን አያውቅም ብዬ ጽፌልህ ነበር። ተወልዶ እስካሁን አባት ሆና ያናገረችው ፀዳለ ብቻ ናት፣ እርሷም ረገመችው። አሁን በራሱ ቤት በር ላይ ቆሞ ያንኳኳል። «ግባ» ሲሉት አይገባም። እናቱ ጎትታ ታስገባዋለች፤ ለውኃ ወጥቶ ሲመለስ እንደገና ቆሞ ያንኳኳል። ትምህርት ቤት በር ላይ አንድ ቀን ጠዋቱን ሙሉ ቆሞ ዋለ፤ በስሙ ብጠራው የሌላ ሰው ስም እንደሆነ ሁሉ አልዞረም። «ልተወው?» ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። እናቱ ቡሌ አባቷ ዘንድ ወስዳዋለች፤ ትምህርቱም ቀርቷል። አቶ ከፈለኝ «የመምህርቷ ቴያትር» ብሎ ዘግቶታል፣ መጥረጊያ ብቻ ቀርቶልኛል።

ዝሆንና ዝሆን ሲጣላ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። የኔን ሣር ነው የረገጣችሁት። ለልጁ ምን ልታደርግ ነው? እርሱን ብቻ ጻፍልኝ።

ጥሩብርሃን


ቪየና፣ ግንቦት 25 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጥሩብርሃን፤

«ጋሼ» ማለት ትተሻል፤ ይሁን። እኔ ግን ሰላምታዬን አልነፍግሽም።

ስለ ልጁ አዝናለሁ፣ ከልቤ ነው። ሐኪም ይየው፤ ሕፃን ነው ይረሳዋል። እኔን ግን ሰው አይደለህም ከማለትሽ በፊት አንድ ነገር መልሺልኝ። ቃሉን የጣለው ማን ነው? እኔ ነኝ? ሃያ ዓመቴ ነበር። መስረቅ አልሰረቅሁም፣ ሰው አልገደልኩም፣ ቴያትር ልማር አልኩ። «አዝማሪ ከምትሆን ሞተህ ባይ» ብሎ ያንን ደገመበት። እናቴ አመለወርቅ ስታርፍ ማን ጻፈልኝ? ከአርባዋ በኋላ ከቡና ነጋዴ አፍ መንገድ ላይ ሰማሁ። በእናቴ መቃብር ላይ አፈር አላፈሰስኩም! ከርሱም ወዲያ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ አንዱንም አልመለሰም። ታዲያ በምን አፍ ላናግረው? ደብዳቤ የማይመልስ ሰው ቴያትር ይመልስ እንደሆነ ብዬ ነው።

አስር ዓመት ሙሉ በር ሳንኳኳ ኖሬአለሁ፣ ጥሩብርሃን። አዲስ አበባም እዚህም። የቤት ኪራይ ልጠይቅ አንኳኩቼ ፊቴን አይተው የዘጉብኝን በር ብነግርሽ አታምኚኝም። እዚህ ስሜን መጥራት የሚችል አንድ ሰው የለም፣ «ሄር ሽብሩ» ይሉኛል፤ በእርሱ ስም! አንቺ ግን ከእርሱ ጋር ቁመሽ ታለቅሺለታለሽ።

ሲሰማ ፊቱ ምን መሰለ? እርሱን አልጻፍሽልኝም።

ወንድይፍራው


ዲላ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለጋሼ ወንድይፍራው፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋሼ ያልኩህ ስለ እናትህ የጻፍከውን አንብቤ ነው። ሳይነግሩህ መቅበራቸው ግፍ ነው፤ ለእርሳቸውም በፊታቸው ነግሬአቸዋለሁ። ንዴቴ ግን አልበረደልኝም፣ በአንተም በእርሳቸውም። «ሲሰማ ፊቱ ምን መሰለ» ትለኛለህ! ልጁ በዳነ ማለት ሲገባህ!

አባትህ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሱቅ ከፍተው ይቀመጣሉ እንጂ አይሸጡም ነበር። ከሰው አይነጋገሩም፤ ከኔም ጭምር። ደብዳቤህ ሲመጣ ከፊታቸው ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ ሳልፈራ። የጴጥሮስንም ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ ያን አላወቁም ነበር ለካ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ሕፃኑ በር ላይ ይቆማል?» አሉ። አዎ አልኩ። «በኔ ቃል?» አዎ አልኩ። እንደ ነብር ተቆጡ። አንተን ሰደቡ፣ እኔን ሰደቡ፣ ከፈለኝን ሰደቡ። ሲጨርሱ፣ «በቅሎ ፈልጊ» አሉኝ።

በገበያ ቀን ሱቃቸውን ዘግተው በዚህ ዝናብ ቡሌ ወጣን። እርሳቸው በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ፣ ጭቃው እስከ ባቴ። ካፖርቱን ለብሰዋል፣ ከዘራውን ይዘዋል። መንገድ ላይ በቅሎዋ ስትንሸራተት ስምህን ጠርተው ሰደቡህ። ከመጣሁ ወዲህ «ወንድይፍራው» ሲሉ ሰምቼአቸው አላውቅም ነበር።

የጴጥሮስ አያት አቶ ሙሉካ ቤታቸው በእንሰት መካከል ነው። ጴጥሮስን ከውጭ አገኘነው፤ በር አጠገብ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ግማሽ ጎኑ በዝናብ ርሷል። ከስቷል። አባትህ ከበቅሎ ወርደው ለረጅም ጊዜ አዩት። አቶ ሙሉካ ወጥተው ሰላምታ ሳይሰጡ፣ «ቃሉ የማን ነው?» አሉ። እኔ ልመልስ ስል፣ «አንቺ ዝም በዪ። ልጅቷ ነው ይላሉ። ልጅቷ ቃል የለውም። ቃሉ ባለቤት አለው» አሉኝ በሚሰባበር አማርኛቸው።

አባትህ፣ «የኔ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «የተናገርኩት ለሌላ ልጅ ነበር። አገር የማያክለው ትዕቢተኛ ልጅ ነበረኝ፣ እኔም ከእርሱ የባስኩ ትዕቢተኛ ነበርኩ» አሉ።

ከዚያ ሳይጠይቁ ወደ ቤቱ ገቡና በሩን ከውስጥ ዘጉት። እኔ ሰውዬው አበዱ ብዬ ደነገጥኩ። ጴጥሮስ ግን በሩን ያያል። ካፖርቱን አውቆታል፣ ከዘራውን አውቆታል። ፀዳለ አጠገቡ ሆና ስትጮህ የለበሰችው ነዋ! ቀስ ብሎ ቀረበ፣ እንደ ልማዱ ሁለት ጊዜ መታና ቆመ።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ።

እናቱ ልትናገር ስትል አቶ ሙሉካ በእጃቸው ከለከሏት።

«ማነው ብያለሁ! ስም የለህም?»

«ጴጥሮስ» አለ።

«አልሰማሁም።»

«ጴጥሮስ!» ብሎ ጮኸ። ከፀዳለ ባልተናነሰ ጮኸ።

በሩን ከፈቱት። «ጴጥሮስ፣ ግባ። ያን ቃል አንሥቼልሃለሁ። ባለ በር ሁን፣ ባለ ብዙ በር ሁን። በስምህ የሚጠራህ አትጣ። ጴጥሮስ!» ብለው ግንባሩ ላይ እንትፍ እንትፍ አሉበት። ልጁ ገባ። ዞሮ እኔን አየና፣ «መምህርት፣ አሁን ልተወው?» አለኝ። «ተወው፣ የኔ ጌታ፣ ተወው» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆንኩ አልነግርህም።

አየህ ጋሼ፣ ጨምርልኝ ብዬ የለመንኩህን፣ ያልሆነውን አልጽፍም ያልከኝን ትዕይንት፣ አባትህ ያለ ወረቀት ተጫወቱት። ለመስከረም ጴጥሮስ ይመለሳል። አቶ ሙሉካ ልጁ ሲጫወት ራሴ መጥቼ አያለሁ ስላሉ አቶ ከፈለኝም አፉን ይዟል። ቴያትሩን ደግመን እናሳያለን፤ ይህን ትዕይንት ጨምሬበታለሁ። ፈቃድህን አልጠየቅሁም። ወረቀትህን መልሽ ካልከኝም መጥተህ ውሰድ።

ማታ እሳት ዳር ሆነው፣ «ጻፊ» አሉኝ። የተናገሩትን እንዳለ አስቀምጬዋለሁ፤ አንዲት ፊደል አልነካሁም፤

«ወንድይፍራው። ሁለተኛ ሕፃን አትላክብኝ፣ ነውር ነው። ለእርሱ ያልኩትን ለአንተ አላልኩም፣ በወረቀት አልልምም። ስለ እናትህ አጥፍቻለሁ፤ እርሱንም ፊቴ ቆመህ ጠይቀኝ። በሩ ካሁን ወዲያ አይቆለፍም። ግን ተነሥቼ አልጠብቅህም። መጥተህ አንኳኳ፤ ማነው እልሃለሁ።»

ጥሩብርሃን